የቡሄ ጅራፍ አልጮኽ አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የሳሙና በሩ አባት (ነሐሴ 5)

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። እንኳን ለፍልሰታ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። ጥያቄዬ የልጅ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልሆንልህ ብሎኝ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ። የሰፈሩ ልጆች ከሰሞኑ ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል። ማታ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ከዚህም ከዚያም ጧ! ጧ! ሲል ይሰማና «አባዬ፣ የእኔስ?» ይለኛል። እኔም ሦስት ሜትር ናይሎን ገመድ ገዛሁና በመጥረጊያ እንጨት ላይ አሰርኩለት። ሲያዞሩት እው እው ይላል፤ ሲመልሱት ዝም። ላሳየው ብዬ ብሞክር ዞሮ የራሴን ጆሮ ለጠለጠው። ሚስቴ ከበረንዳው ሆና «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል ነበር የምሰማው፤ ያንተው ግን ገረፈና የጮኽከው አንተ ነህ» አለችኝ። እስካሁን ትስቃለች።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዘዞ ነበሩ። ሐምሌ ሲያልቅ ልጥ ያዘጋጁልናል። ደጃፍ ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጡና የገመዱን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ቆንጥጠው ይገምዱታል። እርጥብ የልጥ ሽታ፣ እሳቸው በየመሐሉ እፍ የሚሉት፣ ጉልበታቸው ላይ የተረሳው ጋቢ፣ ሁሉም ዛሬም ይታየኛል። መጨረሻ ላይ ግን ፊታቸውን ዞር አድርገው ጫፉ ላይ አንድ ነገር ይሠሩ ነበር። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

እንግዲህ፦ ገመዱ ከምን ይሁን? ጫፉስ ምን ይደረግ? አያያዙስ? ሚስቴ ደግሞ የራሷን ጨምርልኝ ብላለች፦ አምና የጋገረችው ሙልሙል በማግስቱ ድንጋይ ሆነ፤ ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡት ልጆች ተቀብለው ሲያበቁ እርስ በርስ ሲተያዩ አይታቸዋለች።

ቃጫ ሻጭ

ናይሎኑን ለልብስ ማስጫ አድርገው። ቅዳሜ ገበያ ና፣ ቃጫ አለ።

የደንቢያው እረኛ

ልጄ፣ አያትህን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። እኔም ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ፤ ለእኛ ጅራፍ ለቡሄ ብቻ አልነበረም፣ የእጃችን ምርኩዝ ነበር።

ጅራፍ ማለት የአይጥ ጭራ ማለት ነው። ከእጀታው በኩል እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፣ ወረድ ሲል ትንሿን ጣት ያህላል፣ ከዚያ እርሳስ፣ መጨረሻው የስፌት ክር ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው ገመድ የፍየል ማሰሪያ ነው እንጂ ጅራፍ አይባልም። የአንተም ችግር ይኸው ነው።

ልጥ አትፈልግ። ዛሬ ግራር ልጦ ማድረቅ ነውር ነው፤ ቃጫ ይበቃሃል። ቃጫውን ለሦስት ክፈልና አርሰህ እንደ ሴት ልጅ ፀጉር ጎንጉነው። በየስንዝሩ ከእያንዳንዱ ዘለላ ጥቂት ጥቂት ጭረት እየቀነስክ ውረድ፤ የሚቀጥነው እንዲህ ነው። ቢላ አምጥተህ በኋላ አቀጥነዋለሁ ካልክ ይበጠሳል። ርዝመቱ ለእርሱ ቁመት አንድ ተኩል ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ራሱን ይጠመጥምበታል። እጀታው አንድ ክንድ የሚሆን ክትክታ ይሁን፤ አናቱን ዙሪያውን በቢላ ቦርቡረህ እዚያ ላይ ካሰርከው አይሾልክም።

አሁን ወደ አያትህ ሥራ። ከቃጫው ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ሲባጎ ይቀጠላል። የሲባጎው መጨረሻ ይቋጠርና ከቋጠሮው በታች ጣት የምታህል ተርፋ ትበተናለች፤ እንደ ትንሽ ጭራ ትሆናለች። የምትጮኸው እርሷ ናት። ምስጢር እንኳ አይደለም። ፊታቸውን ያዞሩት ሲባጎውን በጥርሳቸው ሲበጥሱ ይሆናል።

ፊዚክስ መምህር፣ ማራኪ

አባታችን የአይጥ ጭራ ያሉትን እኔ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ በጠመኔ እሥለዋለሁ፤ የእርሳቸው ግን ይሻላል። እጅህን ስትመልስ ገመዱ ላይ አንድ ጥምዝ ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይሮጣል። ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ግን በትንሹ ክር ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ፍጥነቱ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ከድምፅ ይቀድማል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ያ «ጧ» የምንለው ገመዱ ከምንም ጋር ተጋጭቶ የሚወጣ ድምፅ አይደለም፤ አየሩ ራሱ ነው የሚፈነዳው። ናይሎን ደግሞ ይለጠጣል፣ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ተማሪዎቼ ይህን የሚያምኑት ጅራፍ ይዤ ሜዳ ላይ ሳወጣቸው ነው። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ ነበር።

እማወራ

ሁላችሁም ስለ ማጮህ ብቻ ነው የምታወሩት። ወንድሜ በልጅነቱ የጎረቤት ልጅ ጅራፍ ዓይኑ ሥር አግኝቶት ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ዓይኑን የተረፈው በጣት ስፋት ነው። አንተ አባት፣ እባክህ፣ ልጁ ሲያጮህ ዙሪያው አሥር እርምጃ ሰው አይኑር። ወገብ ገልጦ መገራረፍ የሚባለውንም አትፍቀድለት።

የደንቢያው እረኛ

እታለም፣ መገራረፉን እንኳ ተይው። እኛ የምናደርገው በልብስ ላይ ነበር፣ ደግሞም ተስማምተን ነው፣ ማንም የማንንም ፊት አይነካም። ወንድ ልጅ ትንሽ ቻል ማድረግን ይማርበታል።

እማወራ

አንቱን አከብራለሁ፣ አባቴ። ቻል ማድረግን ግን ውሃ በመቅዳትም ይማራል።

የደብረ ታቦሩ ዲያቆን

እማወራ አሸነፈች። ስለ ጅራፉ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጅህ መጠየቁ አይቀርም። ነሐሴ 13 ጌታ በታቦር ተራራ ክብሩን የገለጠበት በዓል ነው። ችቦው የዚያን ዕለት የታየው ብርሃን፣ የጅራፉ ድምፅ ከደመና የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ አባቶች። ሙልሙሉም ከዚሁ ይያያዛል፤ ብርሃኑን አይተው ገና ቀን ነው ብለው ሜዳ ለቀሩት እረኞች ቤተሰብ ዳቦ ይዞ ወጣ ይባላል። እኔ ስሜ ላይ የጻፍኳት ከተማም የተራራውን ስም ነው የያዘችው። አባባሉንም ንገረው፦ ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት። ዘንድሮ ዝናቡን ሳየው ግን ቡሄ የሰማም አይመስለኝ።

የቁስቋሟ እናት

የሙልሙሉን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት፤ ወንዶች ናችሁና አልፈርድባችሁም።

እህቴ፣ ቡሄ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ለዚያ ነው የሚደርቀው። የእናቴ መላ ድንች ነው። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ መካከለኛ ድንች ቀቅለሽ እሳት ሳለ ፍጭው፤ ከዱቄቱ ጋር ሲቦካ አይታወቅም፣ ዳቦው ግን ሁለት ቀን ለስላሳ ይቆያል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት፣ ቆንጠር ያለ ጥቁር አዝሙድ ጨምሪ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ጣትሽን የሚያቃጥል ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። ድንቹ ራሱ ውሃ ስላለው ውሃውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

እጅሽ ላይ ተጣበቀ ብለሽ ዱቄት አትደራርቢ! አምና ያጠፋሽው ይህን ሳይሆን አይቀርም። እጅሽን ዘይት ቀቢና እሺ፤ ሩብ ሰዓት ሲታሽ ራሱ ይለቅሻል። አሁን ብርድ ነው፣ ሊጡ ቶሎ ኩፍ አይልም። ጋቢ አልብሰሽ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጪው፤ እጥፍ ሳይሆን እንዳትነኪው። ከዚያ በጭብጥሽ ልክ ቆርሰሽ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ እያደረግሽ አድቦልቡይው። ይህን ስታደርጊ ሊጡ ይቆጣል፤ እንደገና ግማሽ ሰዓት አስተኚው። አብዛኛው ሰው ይህን ሁለተኛውን እንቅልፍ ይሰርቃል፣ ድንጋይም የሚያደርገው እሱ ነው። ኮባ ካገኘሽ ምጣዱ ላይ አንጥፊ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ አክምባሎውን ግጠሚና አትክፈቺው። ሽታው ሲጠራሽ አገላብጪ። ሲወጣ ወዲያው ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልይው፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል።

የዛሬ ልጆች ሙልሙሉን ተቀብለው «ብርስ የለም?» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እሰጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ዳቦውን እፊቴ እንዲገምጡ አደርጋለሁ።

የሳሙና በሩ አባት (ነሐሴ 9)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አባቴ፣ አንቱ እንዳሉት በቃጫ ጎነጎንኩት። የመጀመሪያው እንደ እባብ ጎበጠ፣ ፈታሁት። ሁለተኛው አማረልኝ፣ ጭራውም ወጣለት። ከፍልሰታ ቅዳሴ ስንወጣ ልጄን ይዤ ሜዳ ሄድን፤ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሥራ እንደ እርጥብ ካልሲ ጠፍ ጠፍ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። የት ላይ ነው ያጠፋሁት?

የደንቢያው እረኛ

ምንም አላጠፋህ። ቃጫ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ጭራዋም ትጣበቃለች። ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚያልፍበት ላይ ስቀለውና አንድ ሌሊት ይደር። ሲደርቅ የጧፍ ቁራጭ ወስደህ ከላይ እስከ ታች እሸው፤ ሰሙ ውሃ አያስገባም። ጭራዋን ግን አትንካ፣ እርሷ ሰም አትወድም።

አያያዙን ደግሞ አልነገርኩህም መሰለኝ። ከራስህ በላይ ሁለቴ አዙር፣ ቀስ ብለህ፣ ገመዱ ተዘርግቶ እስኪሰማህ። ከዚያ ድንገት ወደ ኋላ ወደመጣበት መልሰው። የሚጮኸው ሲመለስ ነው፣ ሲዞር አይደለም። በክንድህ ጉልበት አትጣል፤ እጅህን ታጥበህ ፎጣ ስታጣ ውሃውን እንዴት ነው የምታራግፈው? እንደዚያ ነው።

ፊዚክስ መምህር፣ ማራኪ

የውሃ ማራገፉን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት፣ አባቴ? እንደተሰረቀ አይቁጠሩብኝ።

የሳሙና በሩ አባት (ነሐሴ 11)

ጮኸ!

እኔ አይደለሁም ያጮህኩት። እኔ አሥር ጊዜ ያህል ሞክሬ ጠፍ ጠፍ ሲልብኝ ልጄ «አምጣው እስቲ» ብሎ ነጠቀኝ፤ ሁለት ጊዜ አዞረና መለሰው፤ ጧ! የጎረቤቱ ውሻ አጥር ሥር ገባ። ልጄ ራሱ ደንግጦ እጀታውን ጥሎት ነበር፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ሚስቴ ሊጥ በእጇ እንዳለ ከማድ ቤት ወጣች። ድንቹን ጨምራለች፤ ለሙከራ የጋገረቻትን አንዷን ሙልሙል ትናንት ማታ ደብቃ ዛሬ ጠዋት ቆረሰቻት፣ ለስላሳ ናት።

አሁን ያለው ችግር ጭራዋ ናት። ሃያ ጊዜ ያህል ከጮኸች በኋላ ተበልታ አለቀች፤ አሁን ቋጠሮው ብቻ ቀርቷል፣ ድምፁም ወደ ፍየል ማሰሪያ ተመልሷል። ቤት ያለው ሲባጎ ወፍራም ነው። ቀጭን ከየት ላገኝ እችላለሁ? ነገ ማታ ችቦ ነው፣ ልጁ እንቅልፍ አይተኛም።

ቃጫ ሻጭ

እኔ ጋ አለ። ጃንተከል ዋርካው ሥር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እቆምልሃለሁ። ለአንድ ዓመት የሚበቃህን አመጣልሃለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም። ከሙልሙሉ ሁለት ያዝልኝ፤ ድንች ያለበትን።