ሰው በዚህ ምድር ሳይሞት መኖር ቢችል ሊመኘው ይገባልን?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜያቸው በሰነድ ከተረጋገጠ ሰዎች ሁሉ ረጅሙን የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ሲሆኑ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ 122 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እርጅናን የሚያስቀር መድኃኒት ተገኝቶ፣ ጉልበት ሳይከዳንና ዓይን ሳይፈዝ ያለ ገደብ መኖር ቢቻል ትቀበሉ ነበርን? የምጠይቀው ስለ ወዲያኛው ዓለም ሳይሆን ስለዚህኛው ነው።

መላሽ፣ ከሐይቅ
እኔ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አለማርጀትና አለመሞት አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሌናርድ ሄይፍሊክ በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የሰው ሴል በቤተ ሙከራ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መከፋፈሉን ያቆማል። ይህን ወሰን ጥሰው ያለማቋረጥ የሚባዙት በአብዛኛው የካንሰር ሴሎች ናቸው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊቷ የካንሰር ታማሚ ከሄንሪታ ላክስ ዕጢ የተወሰዱት እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላም እየተባዙ ነው። ይህ ሁሉ ተሸንፎ እርጅና ቢቀር እንኳ አደጋና ረሃብ አይቀሩም፤ የ1977ቱ ድርቅ በወሎ የፈጀው ሽማግሌውን ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሚቀርብልን ስጦታ ዘላለማዊነት ሳይሆን ማብቂያው የማይታወቅ ረጅም ዕድሜ ነው፤ እንዲህ ከሆነ እምቢ የምልበት ምክንያት አይታየኝም።

መላሽ፣ ከወረኢሉ
እኔ አልቀበልም፤ ምክንያቴም መሬት ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት ስለማይሸጥና ስለማይለወጥ፣ በእኛ አካባቢ ጎጆ የሚወጣ ወጣት መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው ከወላጆቹ በስጦታ ወይም በውርስ፣ አለዚያም የሰው መሬት በእኩል በማረስ ነው። አባት የማይሞት ከሆነ ልጁ በመቶ ዓመቱም የአባቱን በሬ ጠማጅ ሆኖ ይቀራል። በሥልጣን ላይ የተቀመጠውንማ አላነሳውም።

መላሽ፣ ከላሊበላ
ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ከእኛ አስቀድመው አውግተውታል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሄኖክና ኤልያስ ሞትን ሳይቀምሱ በብሔረ ሕያዋን ይኖራሉ ይባላል፤ ሆኖም በመጨረሻው ዘመን ወደ ምድር ተመልሰው በሐሳዊው መሲሕ እጅ ይሞታሉ ተብሎ ይታመናል። ከሙስሊሙም ወገን ኸድር የተባለው ደግ ሰው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ቁርኣን ግን ነፍስ ሁሉ ሞትን ቀማሽ መሆኗን ይናገራል። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ ከሞት ተርፏል የተባለው እንኳ ቀጠሮው ተራዘመለት እንጂ አልተሰረዘለትም። ሰው የሚመኘው አለመሞትን ሳይሆን ጊዜው ሳይደርስ አለመሞትን ይመስለኛል፤ ችግሩ ግን ጊዜው ደርሷል ብሎ የሚያምን ሰው እምብዛም አለመገኘቱ ነው።

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ብቻ ቢደርስስ? ያ ሰው የቅሬ (የዕድር) መዋጮውን ያለማቋረጥ እየከፈለ ጎረቤቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹንም በየተራ ይቀብራል፤ ለእርሱ ድንኳን የሚተከልለት ቀን ግን አይመጣም።

መላሽ፣ ከሐይቅ
ብቻዬን ከሆነ አልፈልገውም። ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ ግን የወረኢሉው ወንድሜ ያነሱት የመሬት ጉዳይ መፍትሔ አለው፤ የማይሞት ትውልድ ጥቂት ልጅ ብቻ ይወልዳል።

መላሽ፣ ከወረኢሉ
ልጅ የማይወለድበትን ቀዬ ደግሞ ማን ይኖርበታል ወንድሜ?