የመጀመሪያ መጽሐፌ ሊታተም ነው፤ 500 ወይስ 1000 ኮፒ?

የወሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምኖር አስተማሪ ነኝ። የአጭር ልቦለድ ስብስቤ አርትኦቱ አልቋል፣ አይኤስቢኤንም (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከወመዘክር አውጥቻለሁ። የቀረው ማተሚያ ቤቱ ነው። 500 ስል የአንዱ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። 1000 ስል የአንዱ ይቀንሳል፣ ድምሩ ግን የባለቤቴን እቁብ ጭምር ይበላል። ፕሮፎርማው የሚያገለግለው እስከ ዓርብ ነው፤ ወረቀት ሊጨምር ይችላል ብለውኛል። አንድ አከፋፋይ ደግሞ "ሁሉንም አምጣው፣ 40 በመቶ የኔ፣ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ" አለኝ። ማስታወቂያውንም አላወቅኩበትም። ፌስቡክ ላይ የሚከተሉኝ ተማሪዎቼ ናቸው፤ እነሱም "ቲቸር፣ ፒዲኤፍ የለውም?" ነው የሚሉኝ።

አዟሪው፦
ቲቸር፣ እኔ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ተሸክሜ ነው የምውለው። ሰው የማያውቀው ስም ሲገጥመው መጽሐፉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። ከዚያ የጀርባውን አስተያየት ዘሎ መሃል ላይ ይከፍትና እዚያው ቆሞ ያነባል። ገጹን ከጨረሰ እጁ ኪሱ ይገባል። ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ ግን ዓይኑን ጨፈን ጨፈን አድርጎ ይመልስልኛል። ስለዚህ ገጽ ለመቆጠብ ብለህ ፊደል እንዳታሳንስ። ጀርባው ላይም ምስጋና ከምትደረድር ከታሪኩ አንድ ጥሩ አንቀጽ አውጣ። ዋጋውን ደግሞ በደንብ አስብበት። ታትሞ ካለቀ በኋላ ስቲከር ከለጠፍክ ገዢው በጥፍሩ ልጦ የድሮውን ያሳየኛል። ያኔ የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ።

የሁለት መጽሐፍ እናት፦
ወንድሜ፣ ኧረ ሁሉንም ለአንድ ሰው እንዳታስረክብ! "ሲሸጥ" የሚባለው ነገር ቀን የለውም። የኔን የወሰደው አከፋፋይ ስደውልለት "ገና ነው" ይለኝ ነበር፤ መጽሐፉን ግን ሰው እጅ ላይ አየዋለሁ። ስንት ኮፒ እንደወሰደና መቼ እንደምትተሳሰቡ በጽሑፍ ይሁን፣ አስፈርመው። ከፋፍለህ ለሁለት ለሦስት ስጥ፣ የተወሰነውንም ቤት አስቀር።
እኔ ብሆን 500 አሳትማለሁ። የተዘጋጀውን ፋይል ከዲዛይነሩ ተቀበል፣ ካለቀ ትደግመዋለህ። ፋይሉን ግን ለማንም አታቀብል፤ ቴሌግራም ላይ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ሕጉማ አለ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996። ግን የትኛውን ቻናል ከሰህ ትዘልቀዋለህ?
ለምረቃ ብለህ አዲስ አበባ አዳራሽ አትከራይ። የሚመጣው ዘመድ ነው፣ ዘመድ ደግሞ ፈርመህ በነጻ እንድትሰጠው ነው የሚጠብቀው። እዚያው ደሴ ወሎ ባህል አምባን ጠይቅ። ተማሪዎችህ አንዷን ታሪክ እየተቀባበሉ ያንብቧት፣ ሌላው በስልኩ ይቅረጽና ቲክቶክ ላይ ይልቀቃት። ፒዲኤፍ የጠየቁህ እነሱ ይሥሩልህ እንጂ!

ዲሲ ነኝ፦
ጀርባው ላይ የዶላር ዋጋም ይኑረው። እዚህ መጽሐፍ የሚደርሰን በሰው ሻንጣ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ተሸካሚ አታጣም። በርበሬ ይዞ የሚመጣ ሰው አሥር ኮፒ አይከብደውም።

የወሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በ500 ልገባ ነው፣ እቁቡም ተረፈ። አዟሪው፣ ስልክህን ኢንቦክስ አድርግልኝ፤ ሽፋኑን ሳላጸድቅ በፊት ላሳይህ።