«የጃንጥላ ልጆች» እና የጥር ሰርግ፦ ለፎቶ አንሺነት ፈቃድ መብራት ይቆጠር ወይ?

ከቸርችል ቁልቁል፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ደሜ ፈላ። አንድ እንግዳ ስለ ሰርግ ፎቶ ተጠይቀው «ገበያውን ያበላሹት የጃንጥላ ልጆች ናቸው። አንድ ርካሽ ፍላሽና አንድ ጃንጥላ ይዘው ሙሽራ ፊት ይቆማሉ። ፈቃድ ሲሰጥ መሳሪያው ይታይ። የስቱዲዮ መብራት የሌለው ሰርግ አይንካ» አሉ። ጋዜጠኛው «እውነት ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ግማሻችን የጃንጥላ ልጆች ነን። ዝም እንበል?

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ዝም በሉ እንጂ። ሰውዬው ምን አጠፉ? እኔ ቤት ተከራይቼ፣ ረዳት ቀጥሬ፣ ግብር እየከፈልኩ ነው የምሠራው። አንዱ ዕቃውን በአንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞ ይመጣና በግማሽ ዋጋ ይወስድብኛል።

አራት ኪሎ አይኤስኦ፦
ፍላሽ መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ? ፀሐይ በነጻ፣ መስኮት በነጻ።

ቬሎ እና ሌንስ፦
እኔን ያሳቀኝ «ሙሽራ ፊት ይቆማሉ» ያሉት ነው። የት እንቁምላቸው? ከሙሽራ ጀርባ?

ከቸርችል ቁልቁል፦
ሶፍትቦክስ፣ ግብሩና መብራቱን ምን አገናኛቸው? የማይከፍል ካለ ገቢዎች አለለት። ሰውዬው ያሉት ስለ መሳሪያ ነው። የኔ ዕቃ ይኸው፦ አንድ ጎዶክስ ቲቲ600 ፍላሽ፣ ካሜራው ላይ ተሰክታ ፍላሹን በሬዲዮ የምታበራ ትሪገር፣ ስታንድ፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ነጭ ጃንጥላ። ፍላሹ ውጭ 65 ዶላር ገደማ ነው። ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚመጥንበት) የለውም፣ ኃይሉን በእጄ ነው የምጨምረው የምቀንሰው። ሬዲዮ መቀበያው ውስጡ ስላለ ሌላ ሪሲቨር አልገዛሁም። በዚህ ሠርቼ ተከራክሮኝ ገንዘብ ያስቀረብኝ ሙሽራ የለም።

ሚዜው፦
«ርካሽ» እያላችሁ አታብሽቁን። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሳይለቀቅ በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ምናምን ነበር የሚመነዝረው። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ከዱባይ በሻንጣ የሚያመጣው ልጅ ትርፍ አለ። ራዲዮ ላይ የወጡት ሰውዬ የገዙት ያኔ ይሆናል።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
«ተከራክሮኝ ገንዘብ ያስቀረብኝ የለም» ማለት ጥሩ ሠራሁ ማለት ነው? ሕዝቡ ጨዋ ነው፣ አፍሮ ይከፍላል።

ቬሎ እና ሌንስ፦
እሺ የኔ ጌታ፣ ስለ ጥሩ ሥራ ካነሳህ ይቺን መልስልኝ። ጃንጥላውን ከሙሽሪት 1 ሜትር ላይ አቆምከው እንበል። ሙሽራው ከእሷ ወዲያ ስለቆመ ከመብራቱ 1.4 ሜትር ይርቃል። እሱ ጋ የሚደርሰው ብርሃን የእሷ ግማሽ ነው። እሷ ነጭ ቬሎ፣ እሱ ጥቁር ሱፍ። ቬሎው ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ሱፉ ደግሞ ኮሌታው እንኳ አይለይም። አሁን ስታንዱን አርቀው፤ እሷ 3 ሜትር፣ እሱ 3.4። ልዩነቱ ከግማሽ ስቶፕ በታች ይወርዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው)። ወይም መብራቱን በሱፉ በኩል አቁመው፣ ጥቁሩ ይቅደም፣ ነጩ ይራቅ። ይሄን የማያውቅ ሰው የሺህ ዶላር መብራት ብትሰጠው ያው ቬሎ ነው የሚያቃጥለው።

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ቀሽት ነው። ሴቭ አደረግኩት።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
3 ሜትር ስታርቂው ኃይሉ ከየት ይመጣል? ከ1 ወደ 3 ሜትር ስትሄጂ ብርሃኑ አንድ ዘጠነኛ ነው የሚቀረው። ያንቺ ፍላሽ በአራት ድንጋይ ነው የሚሠራው። ሙሉ ኃይል ተኩሰሽ እስኪሞላ ድረስ ሙሽሮቹ ተጋብተው ይፋታሉ።

ቬሎ እና ሌንስ፦
አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ኃይል ማን ጠየቀኝ? አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 800 አወጣሁት። ሦስት ስቶፕ፣ ስምንት እጥፍ። የወሰድክብኝን ዘጠኝ እጥፍ ከሞላ ጎደል መለሰልኝ። ድንጋዩም የሱቅ ድንጋይ አይደለም፣ ቻርጅ የሚደረገው ነው። እሱ ቶሎ ይሞላል።

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። እኔ ፒያሳ በፊልም ጊዜ ነው የሠራሁት። አሁን ሰፈሩ ራሱ ፈርሷል። ያኔ በአንድ ፊልም 36 ፍሬም ነበረች፣ ከዚያ በላይ ማባከን የለም። በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹ ቦያጃኖች ነበሩ፤ አንድ ሰው የሚለካው በሚያወጣው ፎቶ ነበር፣ ዕቃውን የሚቆጥር አልነበረም። ለጀማሪ ምክሬ፦ አዲስ ፍላሽ አትግዙ። መርካቶ የድሮ ቪቪታር ፈልጉ። በርካሽ ይገኛል፣ እንደ ብረት ነው።

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ምክር ካሜራ ያቃጥላል። የድሮዎቹ ቪቪታር 283 አንዳንዶቹ ካሜራ ላይ በሚሰካው እግራቸው የሚያወጡት ቮልቴጅ በመቶዎች ነው። ለብዙ ዲጂታል ካሜራ ያ ብዙ ነው። መግዛት የፈለገ መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። ካልለካ ካሜራው ላይ አይሰካው።

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
እኔ ካሜራ ላይ ስኩት አልኩ? ስታንድ ላይ አቁሙት አልኩ። ሌላ ፍላሽ ሲበራ አይቶ የሚበራ ትንሽ ዓይን አለ፣ በሱ ይተኮሳል። አንብቡ እንጂ።

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ስታንድ የሚል ቃል አልጻፉም ጋሼ። ከፍ ብዬ ደግሜ አየሁት።

ሚዜው፦
ጋሼን ተዋቸው። የዚያ ዓይን ጉድ ግን ይነገር። የወንድሜ ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺው እንዲህ ባለ ዓይን ነበር የሚሠራው። አንድ አጎታችን ካሜራ ይዞ መጥቷል። እሱ በተኮሰ ቁጥር የሰውዬው ፍላሽ አብሮ ይበራል። ኬክ ሲቆረስ ድንጋዩ አልቆ ነበር።

ከቸርችል ቁልቁል፦
ለዚህ ነዋ በሬዲዮ ትሪገር የምንሠራው። አጎትህ እስኪደክመው ይተኩስ፣ የኔ አይበራም።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ከጉዳዩ አትሽሹ። ጥር ላይ 7 ሰዓት ጊዮን ግቢ እንገናኝ። በዚያ ፀሐይ አይኤስኦ 100፣ ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/200፣ የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 11 ነው የሚነበበው። ሹተሩን ከዚያ ብዙም ማሳለፍ አትችሉም፤ ከሲንክ (ካሜራው ከፍላሽ ጋር ከሚችለው የሹተር ፍጥነት) ካለፋችሁ ፎቶው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይገባል። ጃንጥላው ደግሞ ወደ ሁለት ስቶፕ ይበላል። ፍላሹ ሳጥን ላይ ያለው 60 የሚለው የጉልበት ቁጥር የፍላሹ ዙም 200 ሚሜ ሲሆን፣ ያለ ጃንጥላ ባዶውን ነው። በጃንጥላ ያ ቁጥር የለም። ሙሽሪት ዓይኗ ስር ጥቁር ጥላ ይዛ ትወጣለች። እኔ ባለ 400 ዋት-ሰከንድ የስቱዲዮ መብራት አቆማለሁ፣ ጥላው ይጠፋል። ሬዲዮ ላይ የተባለው ይሄ ነው። ስድብ አድርጋችሁ ወሰዳችሁት እንጂ።

ከቸርችል ቁልቁል፦
ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ጃንጥላ ማን ያወጣል? አወልቀዋለሁ። ባዶውን ፍላሽ ዙሙን አስረዝሜ አቀርበዋለሁ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ አዞራለሁ። ወይም ዛፍ ስር አገባቸዋለሁ። ብርሃኑ እንደ ሶፍትቦክስ (መብራት ላይ እንደሚገጠመው ማለስለሻ ሳጥን) ለስላሳ አይደለም፣ አዎ። ዓይን ስር ያለውን ጥላ ግን ይገድላል። ጃንጥላው የሚወጣው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ያኔ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት አቁሜያቸው መጀመሪያ ያለ ፍላሽ ሰማዩን እለካለሁ፣ ትንሽ አጨልመዋለሁ። ከዚያ ፍላሹን ሩብ ኃይል ላይ አድርጌ ፊታቸውን ብቻ አበራለሁ። ሹተሩን ስነካ ሰማዩ ይቀያየራል፣ ፊታቸው ባለበት ይቆያል። 400 ዋቱ እዚያ ምን ይጨምርልሃል?

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ለ7 ሰዓቱ ኤችኤስኤስም (ከሲንክ በፈጠነ ሹተር ፍላሽ መተኮሻው) አለ። ቲቲ600 በትሪገር ሲሆን ይሠራል።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ይሠራል፣ ያለውን ኃይል በልቶ። እንዲህ ነው የምትማማሩት?

አራት ኪሎ አይኤስኦ፦
7 ሰዓት ላይ ዛፍ ስር። ፍላሽ የለ፣ ስታንድ የለ፣ ክርክር የለ። ቅድም ተናግሬ ነበር።

ቬሎ እና ሌንስ፦
አንተ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ፀሐይህን ይዘህ ና።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
«ዛፍ ስር አገባቸዋለሁ» ይላል። ደንበኛው ከፏፏቴው ፊት አንሳኝ ሲልህስ? ዛፉን ተክለህ ነው የምትጠብቀው?

ከቸርችል ቁልቁል፦
ከፏፏቴው ፊት አነሳዋለሁ አልኩህ፣ ባዶ ፍላሽ። አንድ ነገር ደጋግመህ ትጠይቃለህ። እኔም ልጠይቅህ። ባለፈው አዳራሽ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የግድግዳ ሶኬት ላይ የነበሩት መብራቶችህ ምን ሆኑ? አብሬህ ነበርኩ እኮ።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ጄነሬተር ተነሳ።

ከቸርችል ቁልቁል፦
እስኪነሳ ድረስ ሙሽሮቹ ሲገቡ ማን አነሳ?

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
...

ቬሎ እና ሌንስ፦
ነጥብ ጽፎ ሄደ።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
አልሄድኩም፣ ደንበኛ ነበረኝ። እናንተ ደንበኛ የላችሁም መሰለኝ። ባለ ባትሪ የስቱዲዮ መብራትም አለ፣ ለማያውቅ። እኔም ገዝቻለሁ። አሁን የኔን ጥያቄ መልሱ፦ ሰርግ አይደገምም። አንዷ ፍላሽ ብትሞት ሁለተኛ አላችሁ? ጃንጥላ በነፋስ ሲወድቅ የሚይዝላችሁ ረዳት አለ? አንድ ፓርክ ውስጥ ስታንድ ነቅሎ የሚዜ ራስ ላይ የወደቀ ጃንጥላ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ፎቶው ሁሉ ላይ ግንባሯን ይዛ ነው ያለችው።

ሚዜው፦
ይሄን ልስማማ። እኔ ያገባሁ ጊዜ የከፈልኩት ሰው አንድ ካሜራ፣ አንድ ፍላሽ ነበር ያለው። ፍላሹ እንቢ ሲለው በስልኬ መብራት አብራልኝ አለኝ። እኔን፣ ሙሽራውን።

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ በገመድ ስታንዱ እግር መሃል ማንጠልጠል ነው። ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ነፋስ ካለ ደግሞ ሁለት። ጃንጥላው ግን ሸራ ነው፣ እንጦጦ ላይ ሃይላንድም አይችለውም፤ ሰው ይያዝ። የሚዜዋ ራስ ያሳዝናል። ግን ይሄ ፈቃድ ይከልከል ያስብላል እንዴ?

ቬሎ እና ሌንስ፦
ሁለተኛ ፍላሽ ያልከው ልክ ነው። በአንድ የስቱዲዮ መብራት ዋጋ እኮ ሦስት አራት ቲቲ600 እገዛለሁ። አንዱ ቢሞት ሁለት ሦስት ይቀረኛል። ያንተ አንዱ ቢሞትስ? ሰውዬው ግን «ሁለት ፍላሽ የሌለው» አላሉም። «የስቱዲዮ መብራት የሌለው» ነው ያሉት። የቆጠሩት ዋጋ ነው።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
እና እሺ ሦስት አራት አለሽ?

ቬሎ እና ሌንስ፦
ሁለት አለኝ።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
በቃ።

ቬሎ እና ሌንስ፦
ምን በቃ? ሁለት ከአንድ አይበልጥም? በዚያ ላይ አንተ በዚያች ቢጫ ድንኳን ውስጥ ፍላሽህን ወደ ላይ ተኩሰህ ሙሽሮቹን እንደ እርድ ቢጫ አድርገህ ያወጣሃቸው ሰውዬ ነህ። የድንኳን ጨርቅ ላይ የተነጠረ ብርሃን ቀለሙን ይዞ እንደሚመለስ የስቱዲዮ መብራቱ አልነገረህም? ነጭ ጃንጥላ ብትዘረጋ ኖሮ ቀለሙ ንጹሕ ይመጣ ነበር።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ያንን ያነሳው ረዳቴ ነው። ደግሞ ኤዲት ተደርጎ ተስተካክሏል።

ከቸርችል ቁልቁል፦
ረዳቱ ፈቃድ አለው?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ስታንድ ላይ ማለቴ ግልጽ ነበር። ፍላሽ ከካሜራ ውጭ እያልን አይደል የምናወራው? ሌላ የት ይሰካል?

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ጋሼ፣ እሺ አልኩ። ጀማሪ ግን አያውቅም ብዬ ነው። እኔም ጀማሪ እያለሁ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ጀማሪ ከሆነ ይጠይቅ። እኛ ስንጀምር ጌታዬ ሁለት ወር ቡና አስመላልሶኝ ነው ፍላሽ ያስነካኝ። አሁን ሁሉም ሦስት ቪዲዮ አይቶ ሙሽራ ፊት ይቆማል።

ቬሎ እና ሌንስ፦
ጋሼም «ሙሽራ ፊት ይቆማል» አሉ! ሬዲዮ ላይ የወጡት እርስዎ ነዎት እንዴ?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
እኔ ብሆን ስሜን እናገር ነበር።

ሚዜው፦
አልካዱም።

ከቸርችል ቁልቁል፦
ጋሼ፣ ጨዋታ ነው። ሶፍትቦክስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፦ ፈቃድ ሰጪው መጥቶ መብራት ይቁጠር ነው የምትለው? ባለሙያ ያልሆነ ሠራተኛ ቲቲ600ን ከ400 ዋት በምን ይለየዋል? በክብደት?

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ባለሙያ ይቀመጥበት። ኮሚቴ ይቋቋም።

ከቸርችል ቁልቁል፦
ኮሚቴው ውስጥ ማን ይገባል? የስቱዲዮ ባለቤቶች?

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ታዲያ የጃንጥላ ልጆች ይግቡ?

አራት ኪሎ አይኤስኦ፦
እኔን አስገቡኝ። ዕቃ ስለሌለኝ ገለልተኛ ነኝ።

ቬሎ እና ሌንስ፦
አንተ ለኮሚቴውም መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ነው የምትጠይቀው።

የ50 ሚሜ ልጅ፦
ከርዕስ ውጭ ነው ይቅርታ። ቅዳሜ ሥራ አለኝ፣ ስታንዴ ዊንጩ ተበልቷል። ማታ ድረስ የሚያውሰኝ አለ? አራት ኪሎ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
ይኸው! አንድ ስታንድ፣ እሱም ተሰብሮ። እኔ ምን ስል ነበር?

ከቸርችል ቁልቁል፦
የኔን ውሰድ። ሶፍትቦክስ፣ ባለፈው ከኔ የወሰድካት ክላምፕ ግን የት ደረሰች?

ሶፍትቦክስ ብቻ፦
የትኛዋ?