የእህቴ ማዮማ (የማህፀን እጢ) «ኢንትራሙራል» እና «ሰብሙኮዛል» ተብሏል፤ የቱ ነው ደሙን ያመጣው?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦
እንደምን ዋላችሁ። የ36 ዓመት እህቴ የወር አበባዋ ከ8 ቀን በላይ ይፈሳታል፣ ደሙም እየረጋ ይወጣል። ፒያሳ አልትራሳውንድ ተነስታ ሁለት ማዮማ ተገኘባት፦ 6 ሴ.ሜ ኢንትራሙራል ፈንደስ ላይ፣ 2 ሴ.ሜ ሰብሙኮዛል። ያስጨነቀን ትልቁ ነው።

መልስ (የማህፀን ሐኪም)፦
ለደሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትንሹ ነው። ኢንትራሙራል ማለት በማህፀን ግድግዳ ጡንቻ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ፈንደስ የማህፀን አናት ነው። ሰብሙኮዛል ግን በየወሩ ከሚፈርሰው የውስጥ ሽፋን ስር ሆኖ ወደ ማህፀን ክፍተት ይገፋል። ስለዚህ 2 ሴ.ሜ ቢሆንም ብዙ ያደማል፣ ፅንስ እንዳይቀመጥም ያስቸግራል። ወደ ውጭ የሚያብጠው ሰብሴሮዛል ይባላል፤ እሱ ደም ብዙም አያበዛም፣ ከፊት ከሆነ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ያመላልሳል፣ ከኋላ ከሆነ ሆድ ያደርቃል። ትልቁም ክፍተቱን ከለጠጠው ደም ሊጨምር ስለሚችል አብሮ ይታይ። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ ሕክምናው የሚመረጠው በዚያ ነው።

መልስ (ራዲዮሎጂ)፦
ውጤቱ ላይ «ፊጎ» የሚል ቁጥር (ማዮማው የት እንዳለ የሚለይ ደረጃ) ካለ እዩት። 0 ማለት በግንድ ተንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ክፍተቱ ውስጥ ያለ ነው፤ 1 ከግማሽ በታቹ፣ 2 ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻ ውስጥ የገባ። 0 እና 1 ብዙ ጊዜ ሆድ ሳይከፈት በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ ይወጣሉ። 2 ይከብዳል፣ ሁለተኛ ዙር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ በብልት በኩል የሚነሳው አልትራሳውንድ ጠርቶ ያሳያል፤ ለእሱ ሽንቷን ሸንታ ትግባ። በሆድ ላይ ለሚነሳው ግን ፊኛዋ ይሙላ፣ አለበለዚያ የአንጀት አየር ማህፀኑን ይጋርደዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስ መለኪያው) 9.4 ነው፣ አይረንም (የብረት እንክብል) ታዞላታል።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦
እርጉዝ ላልሆነች ሴት ዝቅተኛው 12 ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ መለኪያው ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 9.4 ቀላል አይደለም። አይረኑን በባዶ ሆድ በውሃ ትውሰድ፤ ካቅለሸለሻት ከምግብ ጋር። ቡናና ሻይ እንዳይመጠጥ ስለሚያግዱት ቢያንስ 1 ሰዓት ይራራቁ፤ ቡና ላይ እንክብሉን መዋጥ እዚህ በጣም የተለመደ ነው። ሰገራዋ ቢጠቁር ከአይረኑ ነው፣ አታቋርጥ። ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ 2 ሰዓት ካለፈ ወይም ራሷን ካዞራት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።