“ማስወገድ” እና “ዘላቂ”፦ ከአደገኛ ቆሻሻ ስምምነቶች ትርጉም የተነሣ ጥያቄ

ጠያቂ (ደሴ)፦
ስለ ባዝልና ስለ ስቶክሆልም ስምምነቶች የተዘጋጀ የአማርኛ የሥልጠና ጽሑፍ እያረምሁ ሳለ አንድ ቃል መንገድ ዘጋብኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት ስለ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻጋሪ ዝውውርና አወጋገድ የሚደነግግ በመሆኑ ተርጓሚው “ማስወገድ” ሲል ጽፏል። በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት አባሪ ሀ ደግሞ ምርታቸውና አጠቃቀማቸው ጨርሶ እንዲቀር የተወሰነባቸውን ኬሚካሎች ይዘረዝራል፤ እዚያም የተጻፈው ያው “ማስወገድ” ነው። የመጀመሪያው በእጅ ያለውን ቆሻሻ አንድ ቦታ ማድረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነገሩ ከእንግዲህ እንዳይመረት ማድረግ ነው። አንባቢ በምን ይለያቸው? በተጨማሪም የስቶክሆልም ስምምነት ለሚመለከታቸው ኬሚካሎች የተሰጠው “ዘላቂ የኦርጋኒክ በካዮች” የሚለው ስያሜ ይጎረብጠኛል፤ ምክንያቱን ግን በቅጡ ማስረዳት አልቻልሁም።

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦
ከሁለተኛው ልነሣ። “ዘላቂ” ዛሬ የምርቃት ቃል ሆኗል፤ ዘላቂ ሰላም፣ ዘላቂ ልማት፣ ዘላቂ መፍትሔ እንላለን። የስቶክሆልም ስምምነት ሲጸድቅ የተዘረዘሩት 12 ኬሚካሎች፣ ከእነርሱም መካከል ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ፒሲቢና ዳዮክሲን፣ የተወገዙት ግን ባለመጥፋታቸው ነው፤ በአፈርና በውኃ ውስጥ ቶሎ አይፈርሱም፣ በሰውና በእንስሳት ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ተረጭተው ወደማያውቁበት አገር ድረስ ይጓዛሉ። ስለዚህ “አይነኬ” እና “አይደፈሬ” በተባሉበት ስልት “አይበሰብሴ በካዮች” ቢባል እመርጣለሁ።

ስለ ዲዲቲም አንድ ነገር ልጨምር። ወባን በሚያውቅ በእኛ ከተማ ለቁንጫም ሆነ ለትኋን የሚነሰነስ ዱቄት ሁሉ በታላላቆቻችን አፍ “ዲዲቲ” ነው። ጽሑፍዎ “ዲዲቲ ተከልክሏል” የሚል ከሆነ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አንባቢው የትኛው ዱቄት እንደሆነ አይለይም፤ ስምምነቱም ቢሆን ዲዲቲን ያስቀመጠው አባሪ ለ ላይ ነው፤ ይህም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል የተገደበ ማለት እንጂ ጨርሶ የተከለከለ ማለት አይደለም።

ሌላ መላሽ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ለ“ዘላቂ” ጥቂት ልሟገትለት። “ዘለቀ” ቆየ ብቻ ሳይሆን ሰርጎ ገባም ማለት ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ዘልቆ ገባ እንላለን። ስብ ውስጥ ገብቶ ለሚቀር መርዝ ሥርወ ቃሉ አይከፋም ነበር፤ ነገር ግን ልማቱና ሰላሙ ቀድመው ስለወሰዱት “አይበሰብሴ”ን እቀበላለሁ።

ወደ “ማስወገድ” ስመጣ፣ ግሡ “ወገደ” ነው፤ ፈቀቅ አለ፣ ገለል አለ ማለት ነው። በገበያ ቀን አህያውን ጭኖ የሚነዳ ሰው “ወግድ!” ሲለኝ ከመንገዱ እንድርቅለት እንጂ የት እንደምገባ ግድ የለውም። ቃሉ መድረሻ የለውም፤ የባዝል ስምምነት የተጻፈው ግን በመድረሻው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ከጣሊያን ተጭኖ ናይጄሪያ ኮኮ ወደብ የተራገፈው መርዛማ ቆሻሻ ለላኪው “ተወገደ”፣ ለኮኮ ሰው ግን “መጣ”። የአፍሪካ መንግሥታት በ1991 በባማኮ የራሳቸውን ስምምነት አጽድቀው አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የከለከሉትም ይህ ስላስመረራቸው ነው።

ነባሮቹ ቃሎቻችንም ብዙ አይረዱንም። ጥራጊ፣ ጉድፍ፣ አዛባ፣ አመድ ሁሉም ጓሮ ተደፍተው አፈር የሚሆኑና ለጎመኑ የሚበጁ ናቸው። የማይበሰብስ ጉድፍ እናቶቻችን ስላልገጠማቸው ስም አላወጡለትም።

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦
በዚህ ላይ የቁራሌው ጉዳይ አለ። ባለፈው ሳምንት ቁራሌው የጎረቤቴን አሮጌ የመኪና ባትሪ ገዝቶ ሲሄድ አሲዱ በማዳበሪያው ስፌት እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ነጭ ምልክት ትቶ ነበር። ጎረቤቴ “ዕቃ ሸጥሁ” ይላል እንጂ “ቆሻሻ አስወገድሁ” አይልም። በባዝል ስምምነት ግን እርሳሱን አቅልጦ መልሶ መጠቀምም ከአወጋገድ ዘዴዎች አንዱ ሆኖ በአባሪ 4 ተዘርዝሯል። እንግዲህ በአማርኛ የተሸጠ ነገር “ተወገደ” መባሉ ለጆሮ ቢከብድም፣ በሕጉ ትርጉም ግን ትክክል ነው።

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለባዝል “አወጋገድ” የሚለውን እይዛለሁ፤ በአገራችን የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም የገባ ቃል በመሆኑ እኔ ብቻዬን ልለውጠው አይገባም። ለአባሪ ሀ “ጨርሶ ማስቀረት”፣ ለአባሪ ለ “መገደብ” ብያለሁ። “ማጥፋት” የሚለውንም አስቤው ነበር፤ ይሁንና አንድ ሠልጣኝ “አጥፉ” ተብያለሁ ብሎ የኬሚካሉን ጆንያ በእሳት ቢለቀው፣ አባሪ ሐ ሳይታሰብ ይፈጠራሉ ብሎ የዘረዘራቸውን ዳዮክሲንና ፊውራን ራሱ ማምረቱ ነው። “አይበሰብሴ”ን በርዕሱ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ የጽሑፉ ባለቤቶች ይቀበሉት እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት አሳውቃችኋለሁ።