ዲዝኒ ወርልድ፦ ዘንድሮ እንሂድ ወይስ እንቆይ?

ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ላለው የዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ ለኤፕሪል 2020 አራት ትኬት ቆርጠን ነበር፤ ፓርኩ በኮቪድ ምክንያት ማርች አጋማሽ ላይ ተዘጋና ቀረን። ጁላይ ላይ ሲከፈት ልጆቹ ጮቤ ረገጡ፣ እኔ ግን አልደፈርኩም። ፍሎሪዳ ውስጥ በሽታው የባሰበት ሰሞን ነበር።

አሁን ማርች 2021 ነው። እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያውን የፋይዘር የኮቪድ ክትባት ባለፈው ሳምንት ተወጋን፤ ሁለተኛው ከ21 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት መታገሥ አለ። ልጆቹ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው፤ ለእነሱ የተፈቀደ ክትባት ገና የለም። ስኳር ያለባት እናቴ አብራን ትኖራለች። ሁለቱንም ተወግታለች፤ ቢሆንም በየማታው ከትንሹ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ብንለምናቸውም እምቢ ብለዋል።

ፓርኩ ቀን አስቀድሞ ያስይዛል፣ በር ላይ ሙቀት ይለካል፣ ከ2 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ማስክ ማድረግ አለበት። ርችቱ የለም፤ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ማስኩ ነው። ቅዳሜ ለሙከራ ገበያ ማዕከል ወስጃቸው ነበር። ትልቋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቻለችው፤ ትንሹ ግን 40 ደቂቃ ሳይሞላው አገጩ ላይ አወረደው፣ ከዚያ በኋላ ልመናም ቁጣም አልመለሰውም። ኦርላንዶ ደግሞ በጁን ሙቀቱ አይጣል ነው።

በአውሮፕላን አንሄድም፤ 13 ሰዓት ያህል ነድተን፣ ምግባችንን ይዘን ነው። ባለቤቴ «ትልቋን ብቻ ውሰጃት» ይላል፤ የትንሹን ለቅሶ ማን ይችለዋል?

እንዲህ ያለ ልጅና አያት ቤታችሁ ያላችሁ፣ ጁን ላይ ትሄዱ ነበር ወይስ የልጆቹ ክትባት እስኪፈቀድ ትጠብቁ ነበር?