ፎቁ ወደ ላይ፣ ከተማው ወደ ጎን፦ አዲስ አበባ ላይ ሁለቱን እንዴት አገናኝቼ ልለካ?

መናኸሪያ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሠንጋ ተራና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የባንክ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው። በዚያው ዘመን ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ እርሻ የነበረው መሬት ሁሉ ቤት ሆኗል። «ከተማ ወደ ላይ ካደገ ወደ ጎን አይሰፋም» የሚባለው ታዲያ ለምን አልሠራም? ለአንድ ጽሑፍ በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ። ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሥራ ሶፍትዌር) እጠቀማለሁ። ከየት ልጀምር? ስህተት የሚበዛውስ የቱ ጋ ነው?

ባለወለሉ

ፎቅ መቁጠሩን ተወውና ወለል ቁጠር። 1,000 ካሬ ይዞታ ላይ 40 በመቶውን የያዘ ጂ+20 ቢሠራ፣ 21 ወለል በ400 ካሬ ሲባዛ 8,400 ካሬ ይወጣዋል፤ ኤፍኤአር (የወለል ድምር ለይዞታው ስፋት ሲካፈል) 8.4 ማለት ነው። በዚያው ይዞታ 60 በመቶውን የያዘ ጂ+4 ደግሞ 3,000 ካሬ፣ ኤፍኤአር 3። ወለሉ ከአራት እጥፍ በላይ ተደራርቦ ስፋቱ ሦስት እጥፍ እንኳን አልሞላም። ረጅሙ ሕንፃ ለሊፍት፣ ለማምለጫ ደረጃ፣ ለቱቦና ለኬብል መውጫ ከወለሉ ሩብ ያህሉን ይበላል። ጂ+4 ደረጃው ውጭ ከሆነ 15 በመቶ ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ግን ውስጡ ማን አለ የሚለው ነው። ውኃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት አንድ ባር ግፊት ይፈጃል። 65 ሜትር ላይ ያለ ቧንቧ በደንብ እንዲወርድ ከታች ስምንት ባር ገደማ ያስፈልጋል፤ የመንገዱ መስመር ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ምድር ቤት ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕ፣ መሀል ላይ ሌላ ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሊፍቱንም ፓምፑንም የሚያነሳ ጄኔሬተር ይመጣል። የካሬው ዋጋ ይወጣል፣ ወርኃዊ መዋጮው ይወጣል፣ የሚችለውም ባንክ፣ ሆቴል፣ ቢሮ፣ ቢበዛ ቅንጡ አፓርታማ ነው። አብዛኛው የመጀመሪያ ዙር ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ላይ የቆመው ሊፍት እንዳይገባ ተብሎ ነው።

አሁን የቀበሌ ቤት መንደር ውሰድ። ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ነው። አንድ ሄክታር፣ 60 በመቶው ቆርቆሮ፣ ለአንድ ቤተሰብ 20 ካሬ፦ 300 አባወራ። አንድ ሄክታር የኮንዶሚኒየም ሳይት፣ 40 በመቶው ለመንገድና ለግቢ ወጥቶ፣ ከቀሪው 35 በመቶ ላይ አምስት ወለል፣ የተጣራው 85 በመቶ፣ ቤቱ በአማካይ 45 ካሬ፦ 198 አባወራ። በመንደሩ ቦታ ቢሮ ከተሠራ ደግሞ ዜሮ። ኑሮው ይሻላል ወይስ ይብሳል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ጥግግቱ ግን ይወርዳል። ካዛንቺስ ፈርሶ ተነሺው ገላን ጉራ ሲገባ፣ መሀሉን ያስረዘመውና ዳሩን ያሰፋው አንድ ውሳኔ ነው።

ሰገነት

ከላይ ያለው ትክክል ነው። ግን «እንግዲያው ቁመት ይገደብ» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስድህ። ፓሪስ የሞንፓርናስ ማማ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተሠራ በኋላ በ1977 ጣሪያውን 37 ሜትር ላይ ዘጋች፤ 105 ካሬ ኪሎ ሜትሯ ላይ ዛሬም በካሬ ኪሎ ሜትር 20,000 ሰው ገደማ ይኖራል። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ገድባለች። ሕጉ የሕንፃውን ቁመት ከመንገዱ ስፋት ጋር አስሮ፣ በንግድ ጎዳና ላይ በጠቅላላው ከ130 ጫማ እንዳያልፍ ያዛል። እዚያ ግን ጥግግቱ 4,400 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከግድቡ በታች ያለው ነው፦ ፓሪስ ስድስትና ሰባት ፎቅ ዳር እስከ ዳር ሞልታለች፣ ዲሲ ብዙ ሰፈሯን ለነጠላና ለተያያዘ ቤት ትታለች። ቢሮው ወንዙን ተሻግሮ ሮስሊን ላይ ማማ ሠራ፣ ነዋሪው ወደ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ዘለቀ፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው የእኛ ሰው የዚያው ስርጭት አካል ነው።

ሌላም አለ። በአሜሪካ የ2010 ቆጠራ የሎስ አንጀለስ የተገነባ ክልል በካሬ ኪሎ ሜትር 2,700 ሰው፣ የኒው ዮርኩ 2,050 ገደማ ነበር። ማንሃተንን አይቶ የኒው ጀርሲን ዳር መገመት አይቻልም።

ካርታሰሪው

መለኪያውን ልስጥህ። ጂኤችኤስኤል የተባለውን የአውሮፓ ኮሚሽን ነፃ መረጃ አውርድ። የተገነባ ስፋት ከ1975 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ (እ.ኤ.አ.) አለው፣ 100 ሜትር ፒክስል። የሕንፃ ቁመት ያለው ግን ለ2018 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ነው።

ወሰኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የአዲስ አበባን 527 ካሬ ኪሎ ሜትር አስተዳደራዊ ወሰን ከቆረጥክ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ገላን ከስሌቱ ይወጣሉ፤ መስፋፋቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። እነዚህ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ከመስቀል አደባባይ 30 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ክብ ሥራና በሁለት ኪሎ ሜትር ቀለበት ቀለበት ከፋፍለው። ራስተሩን (በፒክስል የተሠራውን ካርታ) ስፋትን ከሚጠብቀው የሞልዋይደ ፕሮጀክሽን አታውጣው፤ ወደ ዲግሪ ከቀየርከው ስፋቱ ይዛባል።

ቀጥሎ በየቀለበቱ ድምር አውጣ። ፒክስሉ የያዘው ቁጥር ከ0 እስከ 10,000 ካሬ ሜትር የተገነባ ስፋት ነው፤ ፒክስሎቹን ብዛት ብቻ ከቆጠርክ አንዲት ጎጆ ያለችበት ማሳ ሙሉ ሄክታር ሕንፃ ሆኖ ይገባል። ድምሩን ለ1,000,000 አካፍል።

ከዚያ የተባበሩት መንግሥታትን 11.3.1 መለኪያ አስላ፤ የተገነባው መሬት እድገት ለሕዝቡ እድገት ሲካፈል ማለት ነው፣ ከ1 ከበለጠ መሬቱ ከሕዝቡ ፈጥኖ እየሰፋ ነው ይባላል። ለምሳሌ በ20 ዓመት የተገነባው ከ100 ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቡ ከ2 ወደ 3.6 ሚሊዮን ቢያድግ፦ የመሬቱ 0.8 ለ20፣ ማለትም 0.04፤ የሕዝቡ የ1.8 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ለ20፣ ማለትም 0.029። ጥምርታው 1.36 ነው። ልብ በል፣ ሁለቱም 1.8 እጥፍ አድገው ጥምርታው ከ1 በላይ መጣ፤ አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው በሎጋሪዝም ስለሚሰላ ነው። ረጅም ዘመን ስትወስድ ይህ ልዩነት ይሰፋል፤ ስለዚህ በአምስት ዓመት እየቆረጥክ አስላው።

ሰበታና ሆለታ በኩል የአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤቶች ሕንፃ መስለው ሊገቡ ይችላሉ። በሳተላይት ምስል እያየህ አስወጣ።

መናኸሪያ

እጅግ አመሰግናለሁ። የ2018ን ቁመት ለስካይላይን (ማማዎቹ ከሰማይ ጋር ለሚሠሩት መስመር) ልጠቀምበት? ሕዝቡንስ ከዚያው ከጂኤችኤስኤል ልውሰድ?

ካርታሰሪው

ቁመቱ በፒክስል የተስተካከለ አማካይ ስለሆነ ማማውን ያሳጥረዋል፤ ለንጽጽር እንጂ ለአንድ ሕንፃ አይሆንም። ሠንጋ ተራ ላይ ከ2018 በኋላ የተጠናቀቀውን በእጅ ጨምር። የቦሌን ቁመት ስታነብ ደግሞ አየር ማረፊያውን አትርሳ። በዓለም አቀፉ ደንብ ለትልቅ መንደርደሪያ በአራት ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ ያለው ጣሪያ ከአየር ማረፊያው ከፍታ በላይ 45 ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ በ5 በመቶ ተዳፋት 100 ሜትር ይጨምራል። ልዩ ፈቃድ ከሌለ ቦሌ የማይረዝመው የመሬት ዋጋ ስላነሰ አይደለም።

ሕዝቡን ከዚያው አትውሰድ። የሕዝብ ራስተሩ የተሠራው የቆጠራን ቁጥር በተገነባው ላይ በማከፋፈል ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራችን ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው። ቁልፉ ያልተላለፈ ባዶ ብሎክ ሰው የሞላበት ሆኖ ይወጣል፣ ጥግግቱም ከሕንፃው ተሰልቶ መልሶ ሕንፃውን የሚያስረዳ ይሆናል። ለኮንዶሚኒየም ሳይቶች የተላለፉ ቤቶችን ብዛት ከቤቶች ልማት ጠይቅና በአባወራ መጠን አባዛ። ለመሀሉ የወረዳ መዝገብ ይሻላል፤ የፈረሱ ሰፈሮች መዝገብ ላይ ገና እንዳሉ ሊቆዩ ስለሚችሉ ግን ከምስሉ ጋር አመሳክር።